አንድ ብርጭቆ ከካሣሁን እጅ

ሜላት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ፒያሳ ስትወርድ፣ «ማለዳ» የተባለው ኬክ ቤት ጋ ከመድረሷ በፊት መንገድ መሻገር ከጀመረች ወራት ሆኗታል። ለምን ብሎ ለጠየቃት ሰው ፀሐይ ሽሽት ነው ትላለች። ደመና ባለበት ጠዋትም ፀሐይ ትሸሻለች። የምትሸሸው ከመስታወቱ ጀርባ ባንኮኒው ላይ ኬክ የሚደረድረውን ካሣሁንን ነበር። ተሻግራ ስታበቃ ግን አንድ ጊዜ ዞር ትላለች። እሱም ልክ በዚያች ቅጽበት ቀና ይላል። ከዚያ ሁለቱም እንዳልተያየ ሰው ወደየመንገዳቸው ይመለሳሉ። ያልተያየ ሰው እንዲህ አይደነግጥም፤ ይህን ግን ለእነሱ ማን ይንገራቸው?

ሁለቱን ያስተዋወቀቻቸው ሉዋም ናት። ሜላት ባሏን በሞት ካጣች በኋላ ይህችን አንድ ልጇን የምታሳድገው ከእናቷ ከእማማ የሺዓለም ጋር ነው። አምስት ኪሎ ካለው ቢሮዋ ስትወጣ ልጇን ከትምህርት ቤት ትቀበልና ወደ ማለዳ ጎራ ይሉ ነበር፤ ለእናት ማኪያቶ፣ ለልጅ ቦምቦሊኖ። ካሣሁን ማኪያቶውን ራሱ ካላመጣ አይሆንለትም። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ዕቃ ከማጠብ ተነስቶ የቤቱ ባለቤት እስከ መሆን የደረሰ ሰው፣ አንዲት ስኒ ይዞ እጁ ሲንቀጠቀጥ አስተናጋጆቹ እየተጠቃቀሱ ይስቁበት ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ሽማግሎች ላከ። ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ በጎ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ የልጅቱ ወላጅ «ተቀመጡ» ካሉ ግማሹ ሰርግ አለቀ ማለት ነው። እማማ የሺዓለም ግን «ተቀመጡ» የምትለዋን ቃል ከአፋቸው አላወጡም። አባታቸው በቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ይሠሩ እንደነበር ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል፤ በየለቅሶውና በየዝክሩ ሰምቶታል። «የግምጃ ቤቱ የአቶ ዓምደሚካኤል የልጅ ልጅ ባንኮኒ ጀርባ ለቆመ ሰው አትሰጥም» አሉና ሦስቱን አዛውንት ከነጋቢያቸው በረንዳ ላይ እንደቆሙ መለሷቸው። ሜላት በኀፍረት አለቀሰች። ካሣሁን ግን «እጠብቃለሁ። የእማማ ልብ እስኪራራ ድረስ እጠብቃለሁ» አላት። እሷም አመነችው።

ከፋሲካ በኋላ ሉዋም መክሳት ጀመረች። የትምህርት ቤት ቀሚሷ ከወገቧ እየወረደ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ። አልጋ ላይ መሽናት ከተወች ዓመታት ያለፏት ልጅ እንደገና ጀመራት። ውኃ ጠጥታ አትረካም፤ ሽንት ቤት ተመላልሳ አታበቃም። እማማ የሺዓለም «ዓይን ነው» ብለው ጠበል አጠጧት። ጎረቤት «ደም እንዲሆናት» እያለ ለስላሳ አመጣላት። ሁሉም የሚሠራው በፍቅር ነበር፣ ልጅቷ ግን ከቀን ወደ ቀን ትመነምናለች።

አንድ ከሰዓት ሉዋም ቦምቦሊኖዋን ሳትነካ ውኃ ለመነች፤ ጨርሳ ደግሞ ለመነች፤ ደግሞ። ካሣሁን ብርጭቆውን እየሞላ ፊቷን ሲያይ ቆየና ወደ ሜላት መጣ። «ይኼ ጥም የጤና አይመስለኝም። ነገ አትበዪ፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንውሰዳት።» በመኪናው ወሰዳቸው። መንገድ ላይ ሉዋም አስመለሳት፤ ትንፋሿ እየጠለቀ እየፈጠነ ሄደ፤ አፏም በጣም የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ሐኪሟ ዶክተር ማክዳ ገና ስታያት ወደ ድንገተኛ ክፍል አስገባቻት።

ልጅቷ ስትረጋጋ ሐኪሟ ሜላትን ለብቻዋ አስቀምጣ አስረዳቻት። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ነው። የሉዋም ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል፤ ከእንግዲህ በየቀኑ በመርፌ ትወስዳለች። ኬክ ስለበላች የመጣ አይደለም፤ ማንም በድሏት አይደለም። «ዘግይታችሁ ቢሆን እናጣት ነበር» አለች ዶክተር ማክዳ። «ቶሎ እንውሰዳት ያለው ማን ነው? አመስግኑት።»

ሜላት እንባዋን እየጠረገች ልታመሰግነው ሮጣ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ተደውሎላቸው የደረሱት እናቷ ብቻ ናቸው። ካሣሁን የለም። ማታ ደወለች፤ አላነሳም። ጠዋት ደወለች፤ አላነሳም። መልእክት ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግሞ ጻፈች፣ ላከች፤ መልስ የለም። በመጨረሻ ለራሷ መልስ ሰጠች፤ የታመመ ልጅ ያላትን ሴት ማን ይፈልጋል? ይህን ካለች በኋላ ነው ፀሐይ መሸሽ የጀመረችው።

መርፌውን ሁለቱም ለመዱት፣ እናትም ልጅም። ሉዋም ጣቷን ተወግታ የስኳሯን መጠን ራሷ ታነባለች፤ አሻንጉሊቷንም ከምግብ በፊት ትወጋታለች። ጉንጯ ተመለሰ፣ ሳቋም ተመለሰ። ስኳሯ ድንገት ሲወርድ የሚቀመስ ከረሜላ ከቦርሳዋ አይለይም። እማማ የሺዓለም ግን ያንን ከረሜላ ባዩ ቁጥር ያማትባሉ። ስኳር በሽተኛ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ከረሜላ! ሜላት ደጋግማ አስረድታቸዋለች። እሳቸውም ደጋግመው «እሺ» ብለዋል። የእናቶች «እሺ» ደግሞ ስንት ዓይነት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ።

ጠዋት ሜላት የሉዋምን ስኳር ለካች፣ መርፌዋን ወጋቻት፣ እንቁላልና ዳቦ ፊቷ አስቀመጠችና ነጠላዋን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ነው።

«ጎበዝ የኔ ልጅ!»

ሉዋም አያቷን አየች። አያቷ ጣሪያውን አዩ። ሜላት የነጠላዋን ጥለት እያስተካከለች ስለነበር ሁለቱንም ልብ አላለቻቸውም።

ጊዮርጊስ ሲደርሱ ቅዳሴው ወደ ማለቁ ነበር። ሉዋም ከሕፃናቱ ጋር ተሰልፋ ቆረበች። እማማ የሺዓለም የልጅቷን አፍ በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ዕልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ከታመመች ወዲህ ለዚህች ቀን ተስለው ነበርና ፊታቸው በራ። ሜላትም እናቷን እንዲህ ደስ ብሏቸው ካየች ስለቆየች ደስ አላት።

ከምኒልክ አደባባይ ወደ ታች ሲወርዱ ግን ሉዋም ወሬዋን አቆመች። ሉዋም ወሬ ስታቆም ደግሞ ደህና ነገር የለም። ቀጥሎ እጇን ከእናቷ እጅ መነጨቀች። «አትንኪኝ!» አለች፣ ያለ ምክንያት፣ እናቷ በማታውቀው ድምፅ። ግንባሯ በላብ ረጥቧል፣ ከንፈሯ ገርጥቷል፣ ጉልበቷ ይብረከረካል። ሜላት እዚያው መንገድ ላይ ተንበርክካ የልጇን ጣት ወግታ ለካች። ስኳሯ በጣም ወርዷል። የቦርሳውን ኪስ ከፈተች። ባዶ ነው። ሌላውን ከፈተች። እሱም ባዶ።

«እማዬ! ከረሜላው የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አሉ እማማ የሺዓለም። «ረስታ አፏ ውስጥ እንዳታደርገው ብዬ ነው። ልትቆርብ አልነበር?»

«ቁርሷስ?»

እማማ የሺዓለም ነጠላቸውን አጠበቁ።

«እማዬ፣ ቁርሷስ? በልታ ነው?»

«በልቶ ይቆረባል እንዴ? አንስቼ ከድኜ አስቀምጬላታለሁ። ስትመለስ እንድትበላው ነው። ምን አጠፋሁ ልጄ?»

መርፌው ተወግቷል፣ ምግቡ አልተበላም። ሜላት ለጩኸት ጊዜ አልነበራትም። ዞር ዞር አለች። ግማሹ ሰፈር ለልማት ፈርሷል፤ የቀሩት ሱቆችም የእሑድ ጠዋት መዝጊያቸውን አልከፈቱም። ከፊቷ በሩን የከፈተ አንድ ቤት ብቻ ነበር። ልጇን አንስታ አቀፈቻትና ሮጠች። የዚያን ቀን መንገድ አልተሻገረችም።

«ካሣሁን!»

ካሣሁን ከባንኮኒው ጀርባ ቀና አለ።

«ስኳር! በውኃ በጥብጥልኝ፣ ቶሎ!»

ብርጭቆ አነሳ። ውኃ ቀዳ። የስኳሩን ዕቃ ከፈተ፣ ማንኪያውን ያዘ። ያን ጊዜ ሜላት እቅፍ ውስጥ ያለችውን አየ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ለማን ነው?»

«ለሉዋም ነዋ! ስኳሯ ወርዶ ነው።»

«ለእሷ?» ፊቱ አመድ መሰለ። «አልችልም ሜላት። አስተናጋጆቹ ያድርጉት፣ አንቺ አድርጊው። ብቻ በእኔ እጅ አይሁን። ሁለተኛ በእኔ እጅ አይሁን።»

ምን እንደሚል አልገባትም። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ልጇን እየተጠየፈ አይደለም፣ እየፈራላት ነው። ዓይኑን ፍለጋ ሄደች፣ አገኘችውም። ለወራት ከመንገድ ማዶ የሰረቀችውን ዓይን አሁን ፊት ለፊት ያዘችው።

«እየኝ። እኔ እናቷ ነኝ። አሁን የሚያድናት ስኳር ነው። ገና ትውጣለች፣ ራሷን ሳትስት መድረስ አለብን። እመነኝና በጥብጥ!»

ማንኪያው ከዕቃው ጋር እየተጋጨ ድምፁ ተሰማ። ስኳሩ ግማሹ ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ ገባ፤ ደግሞ ጨመረ። ካሣሁን ዞሮ መጥቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ብርጭቆውን ወደ ሉዋም አፍ አስጠጋ።

«ጠጪ የኔ ቆንጆ። ቀስ ብለሽ። እንደዚህ። ጎበዝ።»

ሉዋም ጠጣች። በሁለት እጇ እጁን ይዛ እስከ ታች ጠጣችው። ካሣሁን ብርጭቆው ካለቀ በኋላም እጁን ከእጇ ማውጣት አልቻለም።

«አሁን ትንሽ እንጠብቃለን» አለች ሜላት። «ከዚያ እንለካታለን።»

በዚህ መሐል እማማ የሺዓለም እያለከለኩ ገቡ። ካሣሁን ተነስቶ አንገቱን ሰበረ፣ ወንበር ስቦ በሽርጡ ጠረገላቸው።

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም።»

ሜላት ቆሽቷ አረረ። ዛሬም ኩራት? ልጅ እንዲህ ሆና እያዩ? ግን ከእናቷ ጋር የምትጣላበት ጉልበት አልቀራትም፤ ወደ ካሣሁን ዞረች።

«ሁለተኛ በእኔ እጅ አይሁን ያልከው ምንድን ነው?»

«ተይው ሜላት።»

«አልተውም። ወራት ሙሉ ትቼዋለሁ፤ ዛሬ አልተውም።»

ካሣሁን ወለሉን አየ። «ያሳመምኳት እኔ አይደለሁ? በየቀኑ በዚህ እጄ ቦምቦሊኖ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እናንተ ስትገቡ ፊቷ ሲበራ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ለካ እየገደልኳት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ቤት ቦምቦሊኖ ተጋግሮ አያውቅም። ደንበኛው ሲጠይቅ ዘይት ጠፋ እላለሁ።»

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

መልሱን የሰጡት ዓይኖቹ ናቸው፤ ሳያስበው ወደ እማማ የሺዓለም ሄደው ቶሎ ተመለሱ።

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ የሺዓለም። ድምፃቸው ያ አዛዡ የእማማ የሺዓለም ድምፅ አልነበረም። «ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ። አንቺ ከሐኪሟ ጋር ስትነጋገሪ። በኬክህ ልጄን ጨረስካት፣ ሁለተኛ ደጃችን እንዳትደርስ፣ ሜላትም ዓይንህን ማየት አትፈልግም አልኩት። እሱ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ጉልበቴን ስሞ ሄደ።»

ሜላት ወንበሩን ተደገፈች። ሸሸ ብላ የረገመችው ሰው ለካ ተባርሮ ነው የሄደው። ያ ሁሉ ያልተነሳ ስልክ፣ ያ ሁሉ መንገድ መሻገር።

«ካሣሁን፣ ስማኝ» አለች። «ሐኪሟ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ። ይኼ በሽታ ከኬክ አልመጣም። ከማንም እጅ አልመጣም። ቆሽቷ ኢንሱሊን መሥራት አቆመ፣ በቃ። ቦምቦሊኖ ቀምሳ የማታውቅም ልጅ ይይዛታል። ሌላም ነገር አለችኝ። ዘግይታችሁ ቢሆን እናጣት ነበር፤ ያመጣትን ሰው አመስግኑት አለችኝ። እኔ እናቷ ሆኜ ጥሟን ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት። አንተ ነህ ያየሃት። ምስጋናዬን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ፣ አንተ የለህም። ይኸው እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ፤ ሲከብደኝ ቂም አደረግኩት እንጂ አልጣልኩትም።» እንባዋ መጣ፣ አላበሰችውም። «ልጄ በሕይወት ያለችው በአንተ ነው። አመሰግንሃለሁ። ዛሬም፣ ያን ቀንም።»

ካሣሁን ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ አስተናጋጆቹ ወደ ኩሽና ገቡ።

«በመስታወቱ እመለከታችሁ ነበር» አለ ከሽርጡ ጀርባ። «ጉንጯ እየሞላ ሲመጣ እያየሁ፣ እሰይ፣ እኔ ስርቅ ዳነች እል ነበር። ስትሻገሪ እንኳን ደስ ይለኝ ነበር። ደስ አይለኝም… ግን ለእሷ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሜላት ከእንባዋ መሐል ሳቀች። ሰው እንዲህ ተዘባርቆ እውነት ሲናገር ሰምታ አታውቅም ነበር።

ሉዋምን እንደገና ለኩ። ስኳሯ ወደ ደህናው ወጥቷል። ላቡ ደርቋል፣ ከንፈሯም ቀላ ብሏል። ካሣሁን ሩጦ ዳቦ በእንቁላል አመጣላት፤ ሜላት ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፣ አሁን ምግብ መከተል አለበት። ሉዋም ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ወሬዋ ተመለሰ።

«ጋሼ ካሣሁን፣ ለምን ጠፋህ? ቦምቦሊኖ የተከለከልኩ መስሎህ ነው? አልተከለከልኩም እኮ። እማዬ መጠኑን ታያለች፣ መርፌዬን እወጋለሁ፣ ከዚያ አንዳንዴ እበላለሁ። መርፌ ደግሞ አልፈራም።»

«እኔ እፈራለሁ» አለ ካሣሁን።

«አስለምድሃለሁ» አለችው፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ።

ሜላት የልጇን ፀጉር እየዳበሰች ቀና ስትል እናቷን አየቻቸው። ከወንበሩ አጠገብ እስካሁን ቆመዋል። እግራቸው የሚያማቸው፣ ደረጃ ወጥተው የሚያቃስቱ ሴት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ያንን ሁሉ ሩጠው፣ ቆመዋል።

«እማዬ፣ እባክሽ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም አልኩ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ ካሣሁን፣ ና ወደዚህ።»

ቀረበ። እማማ የሺዓለም ወደ ጉልበቱ ጎንበስ ማለት ጀመሩ። ካሣሁን ደንግጦ ሁለት ክንዳቸውን ያዘና ቀድሟቸው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጉልበታቸውን ሳመ። እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉ።

«ልጄን ሁለቴ መለስክልኝ» አሉ። «አንዴ ከበሽታዋ፣ አንዴ ከእኔ ከራሴ። እኔ ባርኬ መስሎኝ አስርቤአት ነበር። የንስሐ አባታችን የታመመ ሕፃን አይጾምም ብለው ለሜላትም ለእኔም ነግረውን ነበር፤ የሰማሁት ግን የራሴን ልብ ነው። አንተ በተሰደብክበት እጅህ አጠጣሃት። እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ የምከፍልበት የለኝም።»

«እማማ፣ እባክዎ…»

«አልጨረስኩም። ሽማግሎችህን በረንዳዬ ላይ አቁሜ መለስኳቸው። ያንን ሁሉ ሽበት ተቀመጡ ሳልለው። ስለዚህ ዛሬ እኔ ቆሜአለሁ።» ወደ ሜላት ዞሩ። የግምጃ ቤቱ የአቶ ዓምደሚካኤል ልጅ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ፊት አጣምረው፣ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሜላት፣ የካሣሁን ሽማግሌ ሆኜ መጥቻለሁ። ለልጃችን ለካሣሁን እጅሽን እንድትሰጪው ነው የመጣሁት። መልስሽን ሳልሰማ አልቀመጥም።»

ሜላት የእናቷን የተጣመሩ እጆች አየች። ባንኮኒው ላይ የፈሰሰውን ስኳር አየች። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እስትንፋሱን የያዘውን ሰው አየች፤ እሱ ግን እሷን ለማየት አልደፈረም። ደረቷ ውስጥ ወራት ሙሉ የከበዳት ነገር ቀስ ብሎ ሲቀልላት ተሰማት። ለማን አስቀድማ አመሰግናለሁ እንደምትል አላወቀችም፤ ለአምላኳ፣ ለዚህ ሰው፣ ወይስ ጎንበስ ማለት ሳያውቁ ኖረው ዛሬ ለእሷ ብለው ላጎነበሱት እናቷ።

ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ እናቷ አስጠጋችው።

«ተቀመጪ እማዬ» አለች።

እማማ የሺዓለም ተቀመጡ።